ወደ ዲጋ መንገዱ ነጋ ነው

አንባቢዬ፣ ነቀምቴ ላይ መንገድ ጠይቆ «አትሂድ» የተባለ ሰው ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ከከተማው መውጫ፣ ኬላው አጠገብ፣ ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ጡረተኛ ይቀመጣሉ። በእግሩም በብስክሌትም የሚወጣው ሁሉ መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። መልሳቸው ወደ ዲጋም ሆነ ወደ አርጆ አንድ ነው፤ «ነጋ»። በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው፤ ሰው ሲገናኝ ጤና የሚጠያየቀውም በዚሁ ቃል ነው። ስለ መንገዱ ይሁን ስለ ጤናቸው ግን ማን አጣርቶ ያውቃል? እሳቸው ራሳቸው ኬላውን ካለፉ ዓመታት ሆኗቸዋል።

ባለፈው ሰኞ ጎረቤቴ ሰይድ፣ ወላጆቹ ከወሎ በሰፈራ የመጡት፣ ብስክሌቱን አቁሞ ጠየቃቸው።

«ኦቦ፣ የዲጋ መንገድ እንዴት ነው?»

«ነጋ ነው ልጄ፣ ሂድ።»

በማግስቱ አስከሬኑ በአይሱዙ መጣ። ብስክሌቱ አልመጣም። ማን እንደገደለው የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቅስ መልሱ ይታወቃል።

ኦቦ ቶለሳ ለቅሶ ሊደርሱ ገቡ። አሁንስ ምን ይሉ ይሆን? ባርኔጣቸውን አውልቀው ከሰይድ ሚስት ፊት ቆሙ። ሌላ ቃል አጥተው ይሁን ከልማድ፣ «ነጋ?» አሏት።

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ነጋ» አለች።