ጋሽ መኮንን የታጠቁት

መደበቅ ላይ እኛን የሚስተካከል ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ሐበሻ እርግዝናን ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ ይደብቃል። አገር ቤት ሊሄድ ሻንጣው መኪና ላይ ተጭኖ እንኳ «ኧረ እኔ የት እሄዳለሁ» ይላል። ቤት የገዛ ወዳጅህ አዲሱን አድራሻ የሚነግርህ ዕቃ የሚያጓጉዝለት ሰው ሲቸግረው ነው። ስለዚህ አሜሪካኖች ሽጉጥን ልብስ ስር ደብቆ የመያዝ ውድድር እንዳላቸው የሰማሁ ቀን ዋንጫው የእኛ ነው አልኩ። ለእነሱ ስፖርት የሆነው ለእኛ ኑሮ አይደለም እንዴ?

ውድድሩ እንዲህ ነው። ተወዳዳሪው ሽጉጡን በዘወትር ልብሱ ስር ሸፍኖ ይቆማል። የዳኛው ሰዓት ጢው ሲል ልብሱን ይገልጣል፣ ይመዛል፣ ዒላማውን ይመታል። ቀላል ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ መለማመጃ የምንገናኝ ጥቂት ሐበሾች ነን። መገናኘት ብቻ ደግሞ አይሆንልንምና ማኅበር ሆንን፤ ማኅበር ስንሆን ሊቀመንበር አስፈለገ፤ ሊቀመንበር ሲያስፈልግ ጋሽ መኮንን ተመረጡ። ጋሽ መኮንን የባለቤቴ አባት ናቸው። እኔ ጸሐፊ የሆንኩት በችሎታዬ ነው፤ ወሬውን አትስሙ።

ጋሽ መኮንን ኤርፖርት ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በሐምሌ ሙቀት ሳይቀር ግራጫ ካፖርት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ከካፖርቱ ስር፣ በቀኝ ጎናቸው፣ አንድ ረዘም ያለ ነገር አብጦ ይታያል። መለማመጃው ሲመጡ ተኩሰው አያውቁም። «እኔ ድሮ ጠግቤዋለሁ» ብለው ከኋላ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡና የሌላውን አቋቋም ያርማሉ። ውጭ መኪና ድንገት ጥሩንባ ሲነፋ ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደዚያ እብጠት ይሄዳል። እኛም ዓይናችንን ወደ ዒላማው እንመልሳለን። ሽጉጥ አለኝ ብለው አያውቁም። የለኝም ብለውም አያውቁም።

የመለማመጃው ኃላፊ ዳግ የሚባል ረጅም አሜሪካዊ ነው። ውድድር ማድረግ እንደምንፈልግ ስንነግረው ደስ አለው፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የመሳሪያ ደንብ አውጡ አለን። ምን ዓይነት ሽጉጥ እንደሚፈቀድ፣ ምን ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ በምን ልብስ እንደሚሸፈን ጽፋችሁ አምጡ፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል አለ። ለሐበሻ ኮሚቴ ግማሽ ገጽ! ሰውየው እኛን ገና አላወቀንም።

ስብሰባው ታከር የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል ተጀመረ። አራት ነን። ጋሽ መኮንን ከመሃል፣ እኔ ከወረቀቴ ጋር፣ ሰሎሞን የሚባል ወንበሩን ሞልቶ የሚተርፍ የትራክ ሾፌር፣ እና ሄኖክ የሚባል እዚሁ ያደገ ኢንጂነር። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ማን ምን ይዟል? ያንን ካወቅን ደንቡን እንደዚያው እንጽፋለን። ሰሎሞን ጣሪያውን አየ። ሄኖክ ስልኩን አየ። በመጨረሻ ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው ደብቆ የሚይዝ ሰው የያዘውን ከተናገረ ምኑን ደበቀው አሉ። ሁላችንም ልክ ነው አልን። እንዲህ ሆኖ ማንም የማንንም መሳሪያ ሳያውቅ የመሳሪያ ደንብ ማርቀቅ ጀመርን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን መገኘት ይጠይቃል። ሰሎሞን በጣም ትናንሽ ሽጉጦችም በእኩልነት ይታዩ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ለራሱ እንዳልሆነና አንድ የሚያውቀው ሰው እንዳለ ጨመረ። ሄኖክ አዲስ ሽጉጥና ያገለገለ ሽጉጥ መለየት የለበትም ብሎ ተከራከረ፤ እሱም ለጓደኛው ነው። ሽፋን ልብስ ላይ ስንደርስ ጋቢ የዘወትር ልብስ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነስቶ ራት ቀዘቀዘ። በጋቢ ስር መትረየስም ይደበቃል የሚል ስጋት ስለነበር፣ ጋቢ ብርድ ለመታው ሰው ብቻ፣ ያውም በምስክር፣ እንዲፈቀድ ተስማማን። በዚህ ሁሉ መሃል የከረሩት ጋሽ መኮንን ነበሩ። የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ መሳሪያ አስቀድሞ ይፈተሽ፣ ያልተፈተሸ መስመሩ ላይ አይቁም አሉና አንቀጽ አስገቡ። ጥብቅ ሰው ናቸው። አጨበጨብን።

ማታ በመኪናዬ ስቶን ማውንቴን የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው አደረስኳቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥኑን በቁጣ ያያሉ። ይህ ሰው ከቤት በወጣ ቁጥር ሪሞት ይጠፋል፣ እኔ የቱርክ ድራማዬን ማየት ፈልጌ ቀኑን ሙሉ ዜና ላይ ተቸክዬ ዋልኩ ብለው አማረሩልኝ። ሶፋውን ገለበጥኩ፣ ትራሱን አራገፍኩ፤ የለም። ውሃ ልጠጣ ወደ ኩሽና ስሄድ ጋሽ መኮንንን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ብቻቸውን የሆኑ መስሏቸዋል። ካፖርታቸውን በግራ እጅ ገለጥ፣ ቀኝ እጃቸውን ሰደድ፣ ከቀበቷቸው ላይ መዘዝ አድርገው በበሩ ስንጥቅ ወደ ሳሎኑ አነጣጠሩ። ከሳሎን የዜናው ድምፅ ከፍ አለ።

ሪሞት ነው። እነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች የፈራነው፣ ያከበርነው፣ ስንት ጥይት ይጎርስ ይሆን ብለን የተወራረድንበት ነገር የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ደግሞ እውነት ለመናገር እንደዚያ ያለ አመዛዘዝ በሕይወቴ አላየሁም።

«አየህ?» አሉኝ።

«ምኑን፣ ጋሼ?» አልኩ።

አላመኑኝም። ወደ መኪናዬ ሲሸኙኝ ሁሉንም ነገሩኝ። ትተውት ከወጡ ድራማው ይከፈታል፣ ተመልሰው ዜና ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? ስለዚህ ታጥቀውት ይወጣሉ። መጀመሪያ ቀን መለማመጃው ሲመጡ ሰሎሞን ሲያቅፋቸው ጎናቸው ጎረበጠውና «ጋሼማ ታጥቀዋል» አለ። ያኔ ሁሉም ከወንበሩ ተነሳላቸው።

«ፓርኪንግ ስሠራ በእኔ ፊት ሺህ መኪና ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ደህና ዋልክ ያለኝ የለም» አሉኝ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ሰው የተነሳልኝ ያን ቀን ነው። እንዴት አድርጌ ሪሞት ነው ልበል?»

አንጀቴን በሉት። በመንገዴ ሁሉ እየሳቅኩ ነበር፣ ግን አንጀቴን በሉት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷም ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ አባቷ በሰው ፊት ቢዋረዱ ጸሐፊው በየትኛው ሶፋ ላይ እንደሚተኛ በእርጋታ አስረዳችኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዘዴ ይዤ ገባሁ። ሊቀመንበር የሆነ ሰው ከተራ አባል ጋር መወዳደር ለክብሩ አይመጥንም፣ ጋሽ መኮንን የክብር እንግዳ ይሁኑልን አልኩ። ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። ሰሎሞን ግን እንደተሰደበ ሰው ብድግ አለ። እሳቸው ሳይተኩሱ እኛ ልንተኩስ? ነውር አይደለም? መክፈቻውን እሳቸው ይተኩሳሉ አለ። ሄኖክ ደግሞ አንቱታን በመንገድ ላይ የጣለ ልጅ ስለሆነ «ጋሼ፣ ላይክ፣ አንተ ፈርስት ሹት ታደርጋለህ፣ ኖ ክዌስችን» አላቸው። ጋሽ መኮንን በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀኝ እጃቸው ወደ እብጠቱ ሄደ። እኛ ሰውን በክብር መግደል እንችልበታለን።

እንግዲህ የቀረኝ ብዕሬ ነው። በዚያ ሳምንት ደንቡን ለማስተካከል ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ፣ ፍተሻው የመሳሪያውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል በጸሐፊው ብቻ፣ በዝግ መኪና ውስጥ እንዲካሄድ ጻፍኩ። ቀጥዬ የሕይወቴ ታላቅ ሥራ የምለውን አንቀጽ አሰፈርኩ፤ «ውድድሩ የመደበቅ ውድድር እንደመሆኑ፣ መሳሪያው በማንኛውም ሰው ዓይን የታየበት ተወዳዳሪ በታየ ቁጥር አሥር ነጥብ ይቀነስበታል።» ዒላማ ለመታ ደግሞ አንድ ነጥብ። ይህን ማን ያጸድቃል ትሉ ይሆናል። ኮሚቴ ውስጥ ሠርታችሁ አታውቁም ማለት ነው። ጋሽ መኮንን በዚያ ግርማ ባለው ድምፃቸው አነበቡት፣ ሰሎሞን ከክትፎው ቀና ሳይል ደገፈው፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሄኖክ ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና ለዳግ ተሰጠ።

ዳግ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ለመተኮስ መምዘዝ አለባቸው አይደል አለኝ፤ አዎ አልኩት። ከመዘዙት ይታያል አይደል አለኝ፤ አዎ አልኩት። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። በመጨረሻ የእኔ ጉዳይ ደኅንነት ብቻ ነው፣ ሌላው የእናንተ ባህል ነው ብሎ ፈረመ። ባህላችን ላይ ያን ዕለት የጨመርኩትን ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ በዚህ ምክንያት የማኅበሩን ምስጢር ሁሉ የማውቅ ብቸኛ ሰው ነኝ። ሰሎሞን፣ ያ ተራራ የሚያክል ሰው፣ ከሳሙና የማትበልጥ ሮዝ እጀታ ያላት ሽጉጥ አወጣ። የሚስቱ ናት። ደም ሥሩ ተገታትሮ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ለናንተ የነገርኳችሁ ስሙን ስለቀየርኩ ነው። የሄኖክ ገና የሱቁ ወረቀት አልተነሳላትም። የጋሽ መኮንን ተራ ሲደርስ ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ትንሽ ተቀመጥን። ከዚያ ወጣሁና ለዳግ ፈትሻለሁ አልኩት። ጥይት የለውም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በፍጹም የለውም አልኩት፤ ከሁለት ባትሪ በቀር እንደሌለው መናገሩ አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ጋሽ መኮንን መስመሩ ላይ ቆሙ። ሰው ሁሉ ከኋላ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። ሰዓቱ ጢው አለ። ጋሽ መኮንን እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ። እዚያው አቆዩት። ዒላማውን አፍጥጠው አዩት። ዒላማውም አያቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ እጃቸውን ባዶውን አወጡ፣ ካፖርታቸውን አስተካከሉ፣ «በቃ» አሉ፤ ወደ ወንበራቸውም ተመለሱ።

አለቀላቸው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላዬ ግን የሰማሁት ማጉረምረም የአድናቆት ነበር። አንዱ፣ ትዕግስት ማለት ይህ ነው አለ። ሰሎሞን ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ የቻለ ሰው አይተኩስም አለኝ። ሄኖክ፣ አዲሱን ትውልድ ወክሎ፣ «ብሮ» አለና መጨረስ አቃተው።

ሌሎቹ ተራ በተራ ተኮሱ። በደንብ ተኮሱ፤ ዒላማው ወንፊት ሆነ። ግን ሁሉም መዘዋል፣ የመዘዙትም ታይቷል። ሰሎሞን ስድስቱንም መትቶ፣ አሥር ሲቀነስበት፣ ከዜሮ በታች አራት ሆነ። ሄኖክ ከዚያም ወረደ፤ የጥይት ካዝናው ወድቆበት ሊያነሳ ሲጎነበስ ሽጉጡ ደግሞ ታየበት። ጋሽ መኮንን ዜሮ ናቸው። ዜሮ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሰሎሞን ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ሊጮህ አፉን ሲከፍት አንቀጹን አወጣሁና ደጋፊ በሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስም አሳየሁት። አፉን ዘጋ።

ሽልማቱ ሆልስተር ነበር፤ ሽጉጥ የሚገባበት፣ በቀበቶ የሚታሰር፣ ምርጥ የቆዳ ማኅደር። ጋሽ መኮንን ሲቀበሉት ሁሉም ከወንበሩ ተነሳላቸው። ዳግ ሳይቀር ኮፍያውን አወለቀ። በመኪናዬ ወደ ቤት መለስኳቸው። ስቶን ማውንቴን ልንደርስ ስንል ክንዴን ያዝ አድርገው «ያችን አንቀጽ የሚመጣው ዓመትም እንዳትነካብኝ» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ።

ቤት ስንገባ እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ ነጠላቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና አለ። ጋሽ መኮንን በመንገድ ላይ ሪሞቱን አዲሱ ሆልስተር ውስጥ አስገብተውታል፤ ልክክ ብሏል። ለድሉ ክብር ድምፁን ከፍ ሊያደርጉ ካፖርታቸውን ገልጠው ሊመዙ ሲሉ ቆዳው አዲስ ነውና ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ጎተቱ። እምቢ አለ። በሁለት እጃቸው ጎተቱ። በዚህ ጊዜ እትዬ አስካለ ምንም ሳይቸኩሉ ከነጠላቸው ስር አዲስ፣ ፕላስቲኩ ያልወለቀ ሪሞት መዘዙና አንድ ጊዜ ተጫኑ። የቱርክ ድራማው ተከፈተ።

ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸውን ሳይ፣ ጸሐፊ እንደመሆኔ፣ ውሳኔውን በግልጽ ማሳወቅ ግድ ሆነብኝ። የእትዬ አስካለ መሳሪያ ስለታየ አሥር ነጥብ ይቀነስባቸዋል፤ አሸናፊው አሁንም ጋሽ መኮንን ናቸው አልኩ። ቀኝ እጃቸውን ሆልስተሩ ላይ አሳርፈው በኩራት ተቀመጡና ድራማውን እስከ መጨረሻው አዩት።