ሮኒ ፌርሎው ምሳዬን የበላ ዕለት

ትናንት እሑድ፣ ምሳ እስኪደርስ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። ሕልሙ ግን የሚገባችሁ መጀመሪያ ሮኒ ፌርሎውን ካወቃችሁት ነው።

ሮኒ ፌርሎው ከሰባ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ስሙ የገነነ ዘፋኝ ነበር። ሰውየው ምንም አልበደለኝም። የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። ድምፁም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባለቤቴ ትርሲት እሑድ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ተካልኝ በሬዲዮ የሚያቀርበው የድሮ የእንግሊዝ ዘፈኖች ምርጫ ሲጀምር ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋዋን ታስቀምጥና ዓይኗን ትጨፍናለች። አባቷ ድሬዳዋ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ጢማቸውን ሲላጩ የሚያንጎራጉሩት የሮኒን ዘፈን ነበር። ለእኔ ድምፅ ዓይኗን ጨፍና አታውቅም። አምና አንድ ጊዜ ስልኩ ተሳክቶላት ዘፈን ስታስመርጥ «ይድረስልኝ» ብላ የዘጠኝ ሰው ስም ጠራች። ፍሪጃችንን የሚጠግነው ሰውዬ እንኳ ነበረበት። እኔ አልነበርኩም።

«ረሳሽኝ?» አልኳት።

«አንተ እኮ አጠገቤ ነህ» አለችኝ።

ትናንትም የተኛሁት ይህንኑ እያብሰለሰልኩ ነው።

በሕልሜ ሬዲዮኑ ሶፋው ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። እኔና ትርሲት ጠረጴዛው ላይ፣ ዳንቴሉ መሐል ቆመናል። እኛ እናወራለን፣ እሱ ያዳምጣል። ወሬዬ ሲሰለቸው እጁን ዘርግቶ ጆሮዬን ጠምዘዝ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ስለ ውኃ መጥፋት የጀመርኩትን ትቼ ስለ አየር ሁኔታ መናገር እጀምራለሁ።

«ይኼኛው ድምፁ አይጠራም» አለና ጀርባዬን ሁለት ጊዜ በመዳፉ መታኝ።

ከጠረጴዛው ዘልዬ ስወርድ ያረፍኩት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው በድሮ የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሞልቷል። ሁሉም ሱፍ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን በቅባት ወደ ኋላ አስተኝተዋል፣ ሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘዋል። ዛሬም የሚናፍቃቸው ሰው ለመኖሩ ማረጋገጫ ሊሰጣቸው ነው። የተሰለፉት ግን እነሱ አይደሉም፤ ጸሐፊዎቹ ናቸው። ዘፋኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዲት ጸሐፊ ማኅተሟን በሁለት እጇ ይዛ ለመነች፤

«እባክዎ ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልምታልዎ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ።»

«ነገ ተመለሺ» አላት ዘፋኙ። «የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።»

ሮኒ ፌርሎው ጥግ ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። መልኩን አይቼ አላውቅም፤ ሲያስል በዜማ ስለሳለ ለየሁት። አማርኛው የድሬዳዋ ነው።

«አቦ ይርጋ፣ ና ቁጭ በል» አለኝ።

«ስሜን ከየት አወቅህ?»

«እሑድ እሑድ እሰማችኋለሁ እኮ። ሬዲዮ በአንድ ወገን ብቻ ይሰማል ያለህ ማነው?»

«ሚስቴን ተውልኝ» አልኩት።

«ምኗን ወሰድኩብህ?» አለ። «አንተ ሽንኩርት ስትከትፍ ታያታለህ። ስትቆጣ ታያታለህ። እኔ ዘፍኜ ከመጨረሴ ማስታወቂያ ይገባል። ሰባ ዓመት ሙሉ 'ምሳ በላህ ወይ?' ያለኝ ሰው የለም።»

እውነቱን ነው። አሳዘነኝም። ቅናቴ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ለካ ሰው ለሚቀናበት ሰው እያዘነም መቅናት ይችላል።

«ቦታ እንለዋወጥ» አልኩት።

ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ። እጅጌው ጉልበቴ ደረሰ። ጸሐፊዋ እየሮጠች መጥታ ግንባሬ ላይ ማኅተሟን መታች፤ እጄን ስማ፣ አመስግናኝ፣ ወደ ሬዲዮኑ ውስጥ ሸኘችኝ።

ውስጡ ይሞቃል። የትርሲት አባት ፊታቸውን ሳሙና ተቀብተው፣ ምላጭ ይዘው ቆመዋል።

«ጀምር እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ሳሙናው ሊደርቅብኝ ነው።»

ዘፈንኩ። ቃላቱን የማላውቀውን የሮኒን ዘፈን ከመጀመሪያው ጀምሮ ዘፈንኩ። በሬዲዮኑ የድምፅ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ትርሲት ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ለእኔ ነው የጨፈነችው። ደስታዬ ሁለት ስንኝ ያህል ቆየ።

ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ «ሮኒ፣ እስቲ ጨዉን ቅመስልኝ» አለች።

ሮኒ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጎ ከጓዳ ብቅ አለ። ቀመሰ።

«አቦ ትንሽ ይቀረዋል» አላት።

«አንተ ደግሞ ጨው ስትወድ» ብላ ክንዱን መታ አደረገችው። ምሳ አቀረበች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች። ጉርሻው ወደ አፉ ሲሄድ «የእኔ ነው» ብዬ ጮኽኩ፤ ከአፌ የሚወጣው ግን ዘፈን ብቻ ሆነ። በጮኽኩ ቁጥር ዘፈኑ ያምራል። አማቴ ምላጫቸውን አስቀመጡ።

«አሁን ገና ዘፋኝ ሆንክ» አሉኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ትርሲት ሶፋው አጠገብ ተንበርክካ ስልኳን አፌ ላይ ደቅናለች። ዓይኗ ተጨፍኗል። የጋሽ ተካልኝ ድምፅ ከስልኩ ይሰማል።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ ለመሆኑ ይህ የሚዘፍነው ሰው ማነው? ራሱን ሮኒን ነው የሚመስለው።»

«ባለቤቴ ነው ጋሽ ተካልኝ» አለች በሹክሹክታ። «ተኝቶ ነው። ነቅቶ አንድ ቀን እንኳ ዘፍኖልኝ አያውቅም።»

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች።

«ነቃ እንዴ?» አለ ጋሽ ተካልኝ።

«ነቃ» አለች፣ ሰው የሞተባት ያህል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንግዲያው ሮኒን እናስገባዋለን። ለማን ይሁንልዎ?»

ትርሲት ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ለይርጋ» አለች። «ተመልሶ እንዲተኛልኝ።»