ያለ ማስረጃ አያት የማይረከበው አጵሎስ

ዘር ቆጣሪ የሌለበት ቤተሰብ በምድር ላይ የለም። ለቅሶ ቤት አጠገባችሁ ቁጭ ይልና፣ እንባችሁ ሳይደርቅ «ለመሆኑ የሟች አያት ከየት መጡ?» ይላችኋል። የእኛ ቤቱ ዘር ቆጣሪ የተከበሩ አጵሎስ ናቸው። የባለቤቴ የወንድም ልጅ ነው፤ ስላሳደግኩት አንተ ነው የምለው። «የተከበሩ» የሚባሉት ዘር ቆጠራ ላይ ሲሆኑ ነው።

አጵሎስ አርባ ምንጭ ንብረት ክፍል ሲሠራ፣ ያለ መረከቢያ ደረሰኝ አንዲት መጥረጊያ ገቢ አድርጎ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ ያንኑ ሕግ ሙታን ላይ አወጣው። ወሬ ስትነግሩት ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማችሁና፣ «ጥሩ። ማን ተረክቦ ፈረመ?» ይላል። ሙዝ ሊገዛ ወጥቶ ሻጯን የአባቷን ስም ይጠይቃል፤ ቅድመ አያቷ ጋ ሲደርስ ሙዙን ረስቶት ይመጣል።

እኛ ቤት አንድ ወግ ነበረን። የባለቤቴ አያት የካዎ፣ ማለትም የድሮው የጋሞ ንጉሥ፣ ጦር ተሸካሚ ነበሩ ይባላል። ወደ ጌታ የሄደው ባለቤቴ በልጅነቴ ልቤን የወሰደው በዚያ ጦር ነው። አጵሎስ ጨንቻ ወጥቶ ሽማግሌ ሲጠይቅ ሰነበተና ተመለሰ።

«እማማ፣ በቅሎ ጠባቂ ነበሩ።»

«ጦሩስ?»

«በቅሎዋ የምትታሰርበት እንጨት ይሆናላ።»

የዚያን ዕለት ቡናውን ራሱ አፍልቶ ጠጣ።

ከዚያ የወንድ ልጄ ልጅ ትሁት ዳናን ላገባ ነው አለች። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ደስ ብሏታል። እኛ ጋሞዎች ግን አንድ ጎሳ ከሆንን አንጋባም፤ ጸሎታችን ቢለወጥም ይሄ አልተለወጠም። ታዲያ ሰው ማውራት ጀመረ። በሕይወት የሌለው የዳና የአባቱ አባት ደግፌ የኦይታ ልጅ ነው አሉ። ኦይታ ደግሞ የባለቤቴ አጎት፣ የአባቱ ወንድም ነው። እንግዲህ እውነት ከሆነ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፣ ሠርግ የለም። ትሁት እህል አልወርድ አላት።

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ደግፌ ለትምህርት ብሎ ኦይታ ቤት የተጠጋ የሌላ ሰው ልጅ ነው ሲሉ ነበር። ያኔ ልጅ ከገጠር ሲመጣ ያስጠጋው ሰው በራሱ ስም ያስመዘግበው ነበር።

አጵሎስ የትምህርት ቤቱን መዝገብ አስወጣ። «ደግፌ ኦይታ» ይላል።

«ጋሼ አጵሎስ፣ የእማማን ወሬ ብትቀበል ምን አለበት?» አለችው ትሁት።

«የሚጠቅመንን ወሬ ነው ሁለቴ የምፈትሸው» ብሏት ጨንቻ ወጣ።

ሽማግሌዎቹን የደግፌ አባት ማነው ብሎ አልጠየቀም። ለየብቻ አስቀምጦ፣ «ኦይታ ሲሞት በእንሰት ማሳው ውርስ የተጣሉት እነማን ናቸው?» አላቸው። የኦይታን ልጆች እያማረሩ ቆጠሩለት፤ ደግፌ የለበትም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ በቃው ነበር። አጵሎስ ግን «ምናልባት በውርስ የማይጣላ ደግ ልጅ ኖሮ እንደሆነስ?» ብሎ፣ ደግፌ ከዚያ መጣ ወደሚባልበት ቀበሌ በእግሩ ተሻገረ፤ የተጣላበትን ቦታ ፍለጋ።

አገኘው። ደግፌ እዚያ ከወንድሙ ጋር በአባት እንሰት ተካስሷል። የወንድሙ ልጅ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አስቀምጦታል፤ «ከሳሽ፦ ደግፌ ኤርጫፎ» ይላል። ኤርጫፎ ደግሞ ጎሳው ሌላ ነው።

ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ። «ለመማር የሰው አባት ይበቃል» አለን። «መሬት ለመካፈል ግን የገዛ አባት ያስፈልጋል። እማማ፣ ወሬሽን ተረክቤያለሁ።»

ትሁት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ቀስ፣ ወረቀቱ ይጨማደዳል» አላት።

ሠርጉ ላይ ከዳና ወገን አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «የሙሽራዋ ቅም አያት የካዎ ጦር ተሸካሚ ነበሩ ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው?» አሉ።

የእኛ ሰው ሁሉ ወደ አጵሎስ ዞረ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

የተከበሩ አጵሎስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አንዴ ወደ እኔ አዩ።

«ምርመራው ገና አላለቀም» አሉ።

ከፊቴ የነበረውን ትልቁን ሥጋ አንሥቼ ሳህኑ ላይ አደረግሁለት። ማን ተረክቦ ፈረመ አላለም፤ ዝም ብሎ በላ።