ኦቦ ሊ ስለ ድልድይ ያስተማረኝ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሰው ሲናገር ስማው፤ ቋንቋውን ባታውቀውም ስማው» ይል ነበር። እኔም ሰማሁ። የሰማሁት ግን ቻይንኛ ሆነ! ምን ላድርግ?

ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም። ቢሆንም ከአምቦ ወጣ ብሎ መንገድ ሲሠራ ካምፑን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ፎርማኑ ቻይናዊ ነው፤ ሠራተኛው «ኦቦ ሊ» ይለዋል፤ አቶ ሊ እንደማለት ነው። አስተርጓሚዋ ጫልቱ የጊንጪ ልጅ ናት። ለሠራተኛው በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ትነግረናለች።

ኦቦ ሊ ነገሩ ሁሉ ድልድይ ነው። አንድ ቀን ሲሚንቶ የጫነው መኪና ተበላሽቶ ቀረ። ሁላችን ስንጨነቅ እሱ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። ምነው ብንለው፣ ጀልባ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ራሱ ይቃናል አለን። በአገራቸው እንዲህ ይባላል አሉ። እኔ በዚህ ጊዜ «እግዚአብሔር ያውቃል» ነው የምለው። እሱ ለድልድዩ ሰጠው። መኪናው በሦስተኛው ቀን መጣ፤ የማን ሥራ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ጎረቤቴ ኦቦ ደበላ የድንጋዩን አደራደር አይተው፣ እንዲህ አይደለም ብለው መከሩት። ሊ ሳቀና፣ አንተ ከሄድክበት መንገድ እኔ የተሻገርኩት ድልድይ ይበልጣል አላቸው። ልምድ የጠገበ ሰው ለጀማሪ የሚለው ነው ለካ። ጫልቱ አለሳልሳ ማለፍ አትችልም ነበር? ልቅም አድርጋ ተረጎመችው! ኦቦ ደበላ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ይህን ሊውጡ ነው? ከአምቦ እስከ ባኮ የተሻገሩትን ድልድይ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጣታቸው ሲያልቅ የእኔን ተበደሩ።

ዋናው ነገር ግን ሦስተኛው ነው። ቤቴ ወንዙ ዳር ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ማዶ። ባለቤቴ ብርቄ ጉልበቷን ያማታል፤ በየሳምንቱ ትታከማለች። ካምፓኒው ለሠራተኛው ብሎ ከሳንቃ የሠራት የእግር ድልድይ ነበረች። ብርቄ በሷ ላይ በከዘራዋ ቀስ እያለች ትሻገራለች። ያለሷ ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሥራው አለቀና ሊ መዶሻ ይዞ መጣ። ድልድዩ ይፈርሳል፣ ትእዛዝ ነው አለ። «ጌታ ሆይ፣ ቃል ስጠኝ» አልኩ። ሰጠኝም።

ትዝ አለኝ፤ ሊ ራሱ ባንድ ወቅት፣ ሥራ ያስገባውን ጓደኛውን በሐሜት ያሳጣ ሠራተኛ ገጥሞት፣ ወንዙን ተሻግሮ ድልድዩን አፈረሰ ብሎት ነበር። ውለታ ቢስ ማለቱ ነው።

«ኦቦ ሊ» አልኩት፣ «ተሻግሮ ድልድይ የሚያፈርስ ሰው ምን እንደሚባል ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?»

ጫልቱ ተረጎመች። ሊ እኔን አየ፤ ከዘራዋን ተደግፋ የቆመችውን ብርቄን አየ። መዶሻውን መኪናው ውስጥ ወረወረና ሄደ። ኦቦ ደበላ ቂማቸውን ረስተው ከኋላው መረቁት፤ አቧራው እስኪጠፋ መረቁት።

አሁን እዚህ ላይ ባቆም እንዴት ደስ ባለኝ!

ወር ሳይሞላ አንዷ ሳንቃ ጠፋች። አንዱ ለበሩ ፈልጓት ነው። ኦቦ ደበላ ሁለት ወሰዱ፤ ለጎተራ። ዳር ዳሩን ነው የነካሁት ይላሉ። እኔስ? እኔ አንድ ብቻ! እሷንም ለብርቄ አግዳሚ ወንበር ብዬ ነው፤ ጉልበቷ ማረፊያ አይፈልግም? ሁሉም አንድ ብቻ እያለ ክረምቱ ሲገባ ከሥር የነበሩት ሁለት ግንዶች ብቻ ቀሩ። ብርቄ አሁን የምትሄደው ዞራ ነው። አብሬያት ስሄድ በመንገዱ ሙሉ አታናግረኝም።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ መንገደኛ ወንዙን በእግሩ አቋርጦ፣ እስከ ወገቡ በስብሶ ወጣ። አላውቀውም። ብርቄ አዘነችለትና ና አረፍ በል አለችው፤ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ሱሪውን እየጨመቀ ግንዶቹን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ። አንገቴ ላይ ያለውን መቁጠሪያ አይቶ ነው መሰለኝ እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ የዚህን ድልድይ ሳንቃ የወሰደውን ሰው እግዜር የእጁን ይስጠው! እስቲ እርስዎ ጸሎተኛ ነዎት፣ ጮክ ብለው አሜን ይበሉልኝ።»