መሐል ሜዳ የቆመው ምሰሶ

በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ስንዴ አብቃይ ወረዳ የምትገኘው ከተማችን ለዓለም ሥነ ሕንፃ ያበረከተችው ድርሻ ገና በቅጡ አልተነገረለትም። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ሁለገብ አዳራሻችን ቦክሱን፣ የበግ ውድድሩን፣ ዳንሱንና ቅርጫት ኳሱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተናግዳል፤ የሚያስተናግደው ታዲያ መሐል ሜዳው ላይ በተተከለ አንድ ወፍራም የእንጨት ምሰሶ ዙሪያ ነው። ለዚህ ረቂቅ ንድፍ ምስጋና ይግባውና፣ የሚሸነፍ ቦክሰኛ መሸሸጊያ፣ በግም መታከኪያ አጥቶ አያውቅም።

ከጸጋው ያልተቋደሰችው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል ዳፍኒ ትረምባት ነበረች። በአንድ የውድድር ዘመን አፍንጫዋን ሁለቴ፣ ትከሻዋን አንዴ ምሰሶው ሰበረባት። ትከሻዋ ሲጠገን በቀጥታ ከንቲባው ሌስሊ ሃርግሬቭ ቢሮ ገባች።

«ሌስ፣ ያንን ግንድ ንቀልልን!»

«ዳፍ፣ ጣሪያው አናትሽ ላይ ይውረድ?»

ክቡር ከንቲባው ግን ፍትሐዊ ሰው ስለሆኑ ጉዳዩ በባለሙያ እንዲጠና አዘዙ። መሐንዲሱ ኮሊን አዳራሹ ገብቶ ምሰሶው ላይ መሰላል አስደግፎ ወጣ። ላይ ብዙ ቆየ።

«ሌስ፣ ይሄ ነገር ጣሪያውን አይነካውም እኮ! በመሐላቸው እጄ ያልፋል» ብሎ እጁን አወዛወዘ።

ዳፍኒ ዘለለች። «በቃ! ምንም ካልተሸከመ ለምን ይገተራል?»

ከንቲባው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጣሪያ ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ በብረት እንተካው ነበር። መቶ ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ የቆመን ግን በምን ይተኩታል?»

ምክር ቤቱ ምሰሶው የማይነካ ቅርስ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ጉዳዩ ለአባላቱ እጅግ ቅርብ ስለነበር ክርክር አላስፈለገም።

«እንግዲያው ከዘመዳችሁ ጋር ተቀመጡ!» አለችና ዳፍኒ ቡድኗን ይዛ ከስንዴ ጎተራው ጀርባ ወዳለው ሣር ሜዳ ሄደች። ቦክሰኞቹ ተከተሏት። ዳንሰኞቹ ተከተሏት። በመጨረሻ በጎቹም ተከተሉ። አዳራሹ በሩ ተዘግቶ፣ ምሰሶው ብቻውን ዓመቱን ፈጸመ።

በዓመቱ መጨረሻ ከክፍለ ግዛቱ የመጡ ገምጋሚዎች መዝገቡን ገልጠው ተደነቁ፤ አንድም ጉዳት አልተመዘገበም። አዳራሻችን «ከአደጋ የጸዳ ምርጥ ሁለገብ አዳራሽ» ተብሎ ተሸለመ።

ክቡር ከንቲባው ዋንጫውን ታቅፈው ሣር ሜዳው ድረስ መጡ። ዳፍኒ ነፋስ የወሰደባትን ኳስ ሮጣ ስታሳድድ አገኟት።

«አየሽ ዳፍ?» አሉ በአባትነት ስሜት። «ድሮም ችግሩ ያንቺ አሯሯጥ ነበር።»