አልወለድኩም፣ ሃርድ ዲስክ ነው!

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያላችሁ ኢንቦክሴን ያጨናነቃችሁ ወገኖቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አልወለድኩም!!

ደግሜ ልበለው። አልወለድኩም። እርጉዝም አልነበርኩም!

ዛሬ በባጃጅ፣ በመተማ ዮሐንስ መሃል፣ በአበባ ጨርቅ ጠቅልዬ ያቀፍኩት ነገር ሕፃን አይደለም። የቪዲዮ ማስቀመጫዬ ነው።

ኧረ ቆዩ፣ አትሳቁ! ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እንደምታውቁት ሰርግ እቀርጻለሁ። የቀረጽኩትን ሁሉ የማስቀምጠው ሳሎኔ ባለችው፣ አራት ሃርድ ዲስክ ጎን ለጎን በምትይዝ ሳጥን ውስጥ ነው። ጥበቧ ምን መሰላችሁ? ከአራቱ አንዱ ቢሞት፣ የቀሩት ሦስቱ ተጋግዘው አንድም ፋይል አይጠፋም።

አንዱ ቢሞት ነው። ሁለት ከሞቱ ግን ደህና ሰንብቱ!

ሰሞኑን ሁለተኛው ዲስክ ታመመ። ሳጥኗም ጲጵ፣ ጲጵ ማለት ጀመረች። (በዚህ ሙቀት እኛ ራሳችን ጲጵ ማለት ነው የቀረን።) አዲስ ዲስክ ከጎንደር በአውቶቡስ አስመጣሁና፣ ዛሬ ልቀይር ቁጭ አልኩ።

ተመልካች ነበረኝ። ጎረቤቴ ሐጃ።

ሐጃ ገበያው ውስጥ ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ዘሃራ ሱዳን ተድራ ከሄደች ወዲህ ኔትወርኩ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል። ድምፅዋ ሲርቅባቸው እኔ ቤት መጥተው ሰርጓን ያያሉ። የቀረጽኩት እኔ ነኝ። በፍላሽ ገልብጪልኝ ሲሉኝ «እዚሁ አለ አይደል ሐጃ፣ ምን ያስቸኩላል?» ስል የኖርኩትም እኔው ነኝ።

«ያ በቲ፣ ልጄ፣ እንዳይጠፋ» አሉኝ ዛሬም።

«ሐጃ! ሙያዬ እኮ ነው!»

በሙያዬ፣ በኩራት፣ ከግራ ሁለተኛውን መዘዝኩት።

መብራቶቿ በሙሉ ቀይ ሆኑ።

ለምን መሰላችሁ? በሙቀቱ ጊዜ አየር ታግኝ ብዬ ሳጥኗን ላይዋን ታች አድርጌ ገልብጫት ነበር። ስትገለበጥ ደግሞ ግራው ቀኝ ይሆናል! የታመመውን ትቼ ጤነኛውን ነቅያለሁ። አንድ በሽተኛ፣ አንድ የተነቀለ፣ ሁለት።

«ምነው ቀላ?» አሉ ሐጃ።

«አፕዴት እያደረገ ነው።»

(ላባችሁ አይምጣ፣ የኔ ይበቃል።)

ቶሎ ብዬ አጠፋኋት። የነቀልኩትን ወደ ቦታው መለስኩ። በልቤ ያሉትን ታቦቶች በሙሉ ጠራሁ። ማብሪያውን ልጫን ጣቴን ስዘረጋ...

መብራት ሄደ!

የሰፈሩ በሙሉ። አሁን ሰርጉ ይኑር ይጥፋ የማውቅበት መንገድ የለም። ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ።

«ተነሺ» አሉ ሐጃ፣ ምንም ሳያውቁ። «ሱቄ ለፍሪጁ ያስገባሁት ጀኔሬተር አለ።» ቤታቸው ሄደው አንድ ቶብ አመጡ፣ ያን ሱዳኖች የሚለብሱትን ረጅሙን ጨርቅ፣ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት። አቧራ እንዳይገባባት ሳጥኗን ጥቅልል አድርገው አሳቀፉኝ።

ባጃጅ ያዝን። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ጉድጓድ ነው። እንዳትናወጥ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያባበልኩ ስሄድ አላስቻለኝም።

«ሐጃ፣ አፕዴት አይደለም። ጤነኛውን ነው የነቀልኩት። የዘሃራ ሰርግ ጠፍቶ ይሆናል።»

ከዛ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። በእምባ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በድምፅ!

ሐጃ ወደ ውጭ ብቻ ያያሉ።

እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው ባጃጃችን ድንበር ለመሻገር ከተሰለፉት ከባድ መኪኖች አጠገብ ቆም ያለው። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ አየችኝ። ጥቅሉን አየች። እምባዬን አየች።

«እልልልልል! እንኳን ማርያም ማረችሽ!! ምን ወለደች?»

አፌን ከፈትኩ።

«ሴት!» አሉ ሐጃ።

«ሐጃ?!!»

«ዝም በይ። የተጠቀለለ ነገር ታቅፈሽ ትነፋረቂያለሽ። ወለደች ካላልኳት ሞተባት ነው የምትለው። የቱ ይሻልሻል?»

ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ገበያ ገባ። ስንደርስ ሰው ቆሞ እየጠበቀን ነበር!

እኔን ግን ያቃጠለኝ ይሄ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «እርጉዝ መቼ ነበረች?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። አንድ! ሁሉም «እኔማ ጠርጥሬ ነበር» ነው የሚለው። አመሰግናለሁ ወገን። ከሰኞ ጀምሮ ዳይት ነኝ።

ሱቅ ገባን። ጀኔሬተሩ ተነሳ። ሳጥኗን በእግሯ አቁሜ (አሁንማ በትክክል!) ማብሪያውን ተጫንኩ። አንደኛው አረንጓዴ። ሁለተኛው፣ በሽተኛው፣ ቢጫ። ሦስተኛው ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ፣ ጥፍት...

አረንጓዴ! አራተኛውም አረንጓዴ!

ጮህኩ። ገበያው በእልልታ መለሰልኝ።

ሰርጉን በሱቁ ቲቪ ከፈትኩት። ሐጃ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ዘሃራ ሂና የተቀባ እጇን ወደ ካሜራው ዘርግታለች። «እዚህ ጋ ትስቃለች፣ ቆይ» አሉና፣ ልጃቸው ሳትስቅ እሳቸው ቀድመው ሳቁ። እኔ አስሬ ኤዲት ያደረግኩት ቪዲዮ ነው፣ ዛሬ ግን ማየት አቃተኝ። ዞር ብዬ የሳሙና ካርቶን ሳነብ ቆየሁ።

ሲያልቅ ዞር አሉ። «ኸላስ፣ አለቀ። አሁን ለኔም ገልብጪልኝ። ነገ እንዳትዪኝ።»

መጀመሪያ ፍላሻቸውን ሞላሁ። ከዚያ ነው የታመመውን አውጥቼ አዲሱን የከተትኩት፣ ቁጥሩን በጣቴ እየነካሁ፣ እንደ ሕፃን ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። አሁን ሳጥኗ ፋይሎቹን አዲሱ ዲስክ ላይ እየገነባች ነው። በኤሊ ፍጥነት። እኔም ይሄን የምጽፍላችሁ በስኳር ጆንያና በጀኔሬተር ጩኸት መሃል ሆኜ፣ በካርቶን እያራገብኩላት ነው።

አለቀ ብላችሁ ነበር አይደል?

ባሌ ደወለ። ሽንፋ በኩል እርሻ ላይ ትራክተር ነው የሚነዳው። ወሬው እዛም ደርሷል። ቀስ ብሎ፣ «ቆይ... እኔ እርሻ ከገባሁ ስንት ወር ሆነኝ?»

እሱን አስረዳሁት። በሳቅ ሊሞት ነበር። ሳቁን ሲጨርስ ግን «ባክአፕ አልነበረሽም?» አለኝ። አራት ዲስክ መደርደር ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ እንዳልሆነ ዛሬ ገብቶኛል፣ ለእናንተም ይግባችሁ።

ቀጥሎ አማቴ ደወሉ፣ ከጎንደር። ከተጋባን ጀምሮ በየስልኩ «ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚሉት እማማ።

«እልልልል! ለኔ ሳይነገር?! በይ፣ ነገ በማለዳው መኪና ነው የምመጣው! የገብስ ዱቄቱንም፣ ቅቤውንም ይዣለሁ፣ እኔ ራሴ ነኝ የማገነፋልሽ!»

«እማማ፣ ይስሙኝማ፣ ዲስክ ነው፣ ሃርድ...»

«ሐረግ? ውይ ስሟ ማማሩ!»

ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው።

እና አሁን ምከሩኝ። ነገ መናኸሪያ ሄጄ እውነቱን እዛው ልንገራቸው? ወይስ... ገንፎውን ከበላሁ በኋላ?