የጸሐፊው እናት ለቅሶ

ጎረቤቴ መሬቴን ነጠቀኝ። ዳኛው ለእኔ ፈረዱ፤ የፍርዱን ወረቀት የሚጽፉት ጸሐፊ ግን ከወንበራቸው አይገኙም። መካነ ሰላም ከተማ ፍርድ ቤት በተመላለስኩ ቁጥር ዘበኛው «ለቅሶ ሄደዋል» ይለኛል። እንደ መንግሥት ጸሐፊ ዘመድ የሚያልቅበት ሰው አይታችኋል? ባለጉዳይ ፊት ከመቀመጥ ቀብር ይሻላቸዋል መሰል። አክስት አለቀ፣ አጎት አለቀ፤ በመጨረሻ «እናታቸው አረፉ» ተባልኩ።

ሰው ነኝና አዘንኩ። በር ላይ የቆመውን ባለጉዳይ ሁሉ አስከትዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እያለቀስኩ ቤታቸው ገባሁ። አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«የጸሐፊው እናት።»

«እኔ አይደለሁም እንዴ!»

ጸሐፊው ጓሮ ድንች ሲኮተኩቱ ተገኙ።

«አንተ ቀባሪዬ!» አሉ እናት። «ያለቀሱልኝን ሰዎች ጉዳይ ሳትጨርስ እህል አትቀምስም!»

እዚያው ተጻፈልኝ። መሬቴን የተረከብኩት ግን የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ነሐሴ ፲፮ ቀን ነው።